ስለ ሐርድ ዲስክ ክፍሎችና ድንበራቸውን ስለ ማሸጋሸግ

ተማሪዎች ሆይ፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለ ገበሬ እርሻውን በጥማድ ለክቶ፤ ይኸ የበቆሎ ይሁን፤ ይኸ የጤፍ ይሁን፤ ይኸኛው የበርበሬ ይሁን ብሎ ይለየዋል። ያንዱ ድንበር ሲገፋ የሌላው ማሳ እንደሚጠብም ያውቃል። በ1989 ዓ. ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ በተደረገ ጊዜ ገመድ ሲጎተት ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በየቀበሌው አሉ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሌላ ሽግሽግ ነው፤ ይኸውም ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር የሐርድ ዲስክን ክፍሎች ድንበር ማዛወር ነው።

ሐርድ ዲስክ ማለት የኮምፒውተር ጎተራ ነው። በውስጡ የተጻፈው ሁሉ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ጎተራው አንድ ሲሆን ልዩ ልዩ ክፍል ይደረግለታል፤ ክፍሉንም ፓርቲሽን ይሉታል። የየክፍሉ መነሻና መድረሻ የተመዘገበበት ሰሌዳ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይገኛል፤ ብራና ጸሐፊ ቀለም ሳይነክር አስቀድሞ ኅዳጉንና ዓምዱን እንደሚያሰምር ያለ ነው። የቀድሞው ሰሌዳ ኤም ቢ አር ይባላል፤ ስፋቱ 64 ባይት ብቻ ስለ ሆነ ከ4 ዋና ክፍል በላይ አይመዘግብም፤ ከ2 ቴራባይት የበለጠ ዲስክም አይሞላለትም። አዲሱ ጂ ፒ ቲ ግን እንደ ልማዱ 128 ክፍል ይመዘግባል፤ ደግሞም የራሱን ግልባጭ በዲስኩ መጨረሻ ያኖራል። እኔ ዕድሜዬን በጸሐፊነት ስለ ኖርሁ፤ ይህን ግልባጭ ማኖሩን እጅግ እወድለታለሁ።

ሊኑክስ የተባለውን ሥራ የፊንላንድ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1983 ዓ. ም. በነሐሴ ወር አስታወቀ። ዋጋ ስለማይጠየቅበትና ባረጀ ኮምፒውተርም ስለሚሠራ ለገጠር ትምህርት ቤት ይስማማል። ሊኑክስን የሚጭን ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል ያበጃል፤ አንደኛው ሩት ይባላል፤ ሥርዓቱ ራሱ የሚቀመጥበት ነው። ሁለተኛው ሆም ይባላል፤ የሰዎች ጽሑፍ የሚቀመጥበት ነው። እንዲህ የተለየበት ምክንያት ሥርዓቱ ተበላሽቶ እንደገና ቢጫን የተማሪዎቹ መዝገብ ሳይነካ እንዲቀር ነው።

አሁን ምሳሌ እንውሰድ። የትምህርት ቤቱ ዲስክ 500 ጊጋባይት ነው ተብሎ ተገዛ፤ ኮምፒውተሩ ግን 465 ብቻ ነው ይላል። ሻጩ አታለለን አትበሉ፤ ሻጩ በ1000፤ ኮምፒውተሩ በ1024 እያባዛ ይቈጥራልና፤ በሁለት ገበያ ሁለት ዓይነት ቁና እንዳለ ማለት ነው። በመጀመሪያ ለሩት 20 ጊጋባይት፤ ቀጥሎ ለሆም 100 ጊጋባይት ተሰጥቶ፤ ከሆም ወዲያ ያለው ሁሉ ባዶ ቀርቷል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሩት ሞላ፤ ኮምፒውተሩም አዲስ ነገር አልቀበልም አለ። ባዶ ቦታ ሞልቶ ሳለ ሩት ሊሰፋ ያልቻለው ከባዶው ጋራ ስለማይዋሰን ነው፤ ሆም በመካከል ቆሟል። ስለዚህ ሆም ወደ ቀኝ መገፋት አለበት።

ይህ መገፋት ቀላል መስሎ የሚያስፈራ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ግልባጭ ሳልይዝ ጀምሬ፤ ሥራው ከእኩሌታ ሳይደርስ መብራት ጠፋ፤ የሁለት ዓመት የማርክ መዝገብም አብሮ ጠፋ። አብዛኛውን ከወረቀት መልሼ ጻፍሁት። ወረቀቱ ያልተገኘላቸው ልጆች ግን መሸኛ ሊወስዱ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ከእነርሱም ሁለቱ በዚያ ዓመት አልተማሩም።

እንግዲህ አስቀድሞ በሆም ውስጥ ያለው ሁሉ በሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ግልባጩም በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ይታይ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ከራሱ ዲስክ ሳይሆን ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ ይነሣ፤ በወንበር የተቀመጠ ሰው ወንበሩን ሊያነሣ እንደማይችል፤ በሥራ ላይ ያለ ክፍልም ሊገፋ አይችልምና። ኢ ኤክስ ቲ 4 የተባለው የፋይል ሥርዓት በሥራ ላይ ሳለ መስፋት ይሆንለታል፤ መጥበብ ግን አይሆንለትም።

ከዚህ በኋላ ጂፓርትድ የተባለውን መሣሪያ ክፈቱ። ከክፍሉ ስም አጠገብ የቁልፍ ምልክት ካለ ክፍሉ ገና በሥራ ላይ ነውና አስለቅቁት። ሆምን በ30 ጊጋባይት ወደ ቀኝ ግፉት፤ በመካከል ባዶ ስፍራ ሲገኝ የሩትን ቀኝ ድንበር እስከዚያ ዘርጉት፤ ሩትም 50 ጊጋባይት ይሆናል። የሩትን ግራ ድንበር ግን አትንኩ፤ መነሻው ከተዛወረ ኮምፒውተሩ መነሣት ሊሳነው ይችላል። እስከዚህ ድረስ ያደረጋችሁት ረቂቅ ነው፤ አፕላይ የሚለውን እስክትጫኑ በዲስኩ ላይ አንዳች አልተጻፈም። ከተጫናችሁ በኋላ ማቋረጥ የለም።

ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ በሒሳብ እንመልከት። ዲስኩ በሴኮንድ 50 ሜጋባይት ቢገለብጥ፤ 100 ጊጋባይት ለመግፋት 2000 ሴኮንድ፤ ማለት ከ33 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ያረጀ ዲስክ ሲሆን እጅግ ይረዝማል። ስለዚህ ባትሪው በደኅና የሚሠራ ላፕቶፕ ቢሆን ይሻላል። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከሆነ ዲስኩ ተፈትቶ ለጊዜው ወደ ላፕቶፕ በገመድ ይያያዝ፤ ወይም የዩ ፒ ኤሱ ባትሪ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚያቆይ አስቀድሞ ይፈተን።

ክፍልን ያለ ጂፓርትድ በትእዛዝ ብቻ የሚያሸጋሽግ ሰው ተራውን ይጠብቅ፤ ሲያጠብ መጀመሪያ የፋይሉን ሥርዓት ከዚያ ድንበሩን፤ ሲያሰፋ ግን መጀመሪያ ድንበሩን ከዚያ የፋይሉን ሥርዓት ነው። ማጥበቡን ገልብጦ ያደረገው እንደ ሆነ እህሉ በውስጡ ሳለ ጎተራውን እንደ መቍረጥ ይሆንበታል።

ሥራው ሲፈጸም ፍላሹን አውጥታችሁ ኮምፒውተሩን ከራሱ ዲስክ አስነሡት። የማርክ መዝገቡን ክፈቱ፤ ከየክፍሉ የጥቂት ተማሪዎችን ስም እየጠራችሁ ከግልባጩ ጋራ አስተያዩ። ግልባጩንም የዓመቱ ካርድ ተሰጥቶ እስኪያልቅ ድረስ አትሰርዙት።