በአፍ ውስጥ ስለሚታይ የደም ሥር እብጠትና በመርፌ ስለ ማከም

በአንዳንድ ልጆች ከንፈር፣ ምላስ ወይም የጉንጭ ውስጥ ሰማያዊ መልክ ያለው ለስላሳ እብጠት ይታያል። በጣት ሲጫኑት ይጎድላል፤ ሲለቁት ተመልሶ ይሞላል፤ ልጁ ሲያለቅስ ወይም ሲያጎነብስ ይገዝፋል። ይህ እብጠት መግል የቋጠረ ብጉንጅ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ የደም መላሽ ሥሮቹ ከመጠን በላይ ሰፍተውና ግድግዳቸው ሳስቶ በመፈጠራቸው የመጣ ነው።

በሀገራችን እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣት የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ በአፍ ውስጥ ያበጠውን ሁሉ በምላጭ መብጣት ቀላል ነገር ይመስላል። በዚህ እብጠት ላይ ግን ምላጭ ማሳረፍ እጅግ አደገኛ ነው፤ የሚበጣው የደም ሥሩ ራሱ ነውና ደሙን በቤት ውስጥ ማቆም ያስቸግራል። በተለይም ሲዳስሱት የሚሞቅና እንደ ልብ ትርታ የሚመታ ከሆነ የደም ወሳጅ ሥር ተቀላቅሎበታል፤ በአጠገቡ ያለውን ጥርስ መንቀል እንኳ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።

«ሲያድግ ይጠፋለታል» የሚሉም አሉ። ይህ አባባል እውነት የሚሆነው ሄማንጂዮማ ለተባለው ለሌላ ዓይነት እብጠት ነው። ሁለቱን ለይተው ያስረዱት እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ተመራማሪዎች መሊከንና ግሎዋኪ ናቸው። ሄማንጂዮማ ከልደት በኋላ ባሉት ሳምንታት ብቅ ብሎ በፍጥነት ያድጋል፤ ከዚያም በዓመታት ውስጥ እየከሰመ ይሄዳል። የደም ሥር አፈጣጠር ጉድለት ግን ከልጁ ጋር ያድጋል እንጂ በራሱ አይከስምም።

ለዚህ ጉድለት ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ስክለሮቴራፒ ይባላል። ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ፖሊዶካኖል፣ ብሊዮማይሲን ወይም ይህን የመሰለ መድኃኒት ወደ እብጠቱ ውስጥ ያስገባል። መድኃኒቱ የሥሩን የውስጥ ሽፋን ይጎዳዋል፤ ግድግዳው ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ ውሃው እንደ ተዘጋበት ቦይም ቀስ በቀስ ይደርቃል። ብዙ ጊዜ አንድ መርፌ አይበቃም፤ በሳምንታት ልዩነት መደጋገም ያስፈልጋል። የሚመታው ዓይነት ግን በዚህ መርፌ ብቻ አይታከምም።

ከመርፌው በኋላ እብጠቱ ለጥቂት ቀናት እንደሚጨምር ወላጆች አስቀድመው ይወቁ። ነገር ግን ልጁ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃተው ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ይመልሱት።

መምህራን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ተማሪ ሲያጋጥማችሁ ከቦዲቲም ሆነ ከአረካ በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሶዶ፣ ወደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንዲላክ ወላጆቹን ምከሩ። ጉዳዩ ከዚያ በላይ ከሆነ አዲስ አበባ በየካቲት 12 ሆስፒታል የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች አሉ። ጥርስ የሚነቀልለት ቀን ቢመጣም፣ እብጠቱን አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር እንዳይዘነጋ አጥብቀን እናሳስባለን።