ውሃው ሲመለስ፦ ከሰሜን አገር ረግረግ የምንማረው

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አፈር ነው። «ስለ አፈር ደግሞ ምን እንማራለን?» እንዳትሉ፤ ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ ይዛችሁታል። በረንዳ ላይ ያሉትን አበቦች ስንተክል፣ ማዳም ከሱቅ የምታስመጣው በላስቲክ ከረጢት የታሸገ ጠቆር ያለ አፈር አለ አይደል? ሲደርቅ እንደ ገለባ የሚቀል፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ የሚከብድ። እዚህ ቢትሞስ ይሉታል፣ ፈረንጆቹ ፒት ይሉታል። ከረጢቱን አገላብጣችሁ ብታዩት ብዙ ጊዜ የመጣው ከሰሜን አውሮፓ ነው።

ይህ አፈር ተራ አፈር አይደለም፤ ከረግረግ ተቆፍሮ የወጣ ነው። ዛሬ የምናየው ሁለት ነገር ነው፦ ረግረግ ሲደርቅ ምን ጉዳት ይመጣል? የተጎዳውንስ መልሶ ማዳን ይቻላል ወይ? ምሳሌያችን ፊንላንድ አገር፣ ሴልኪዬ የምትባል ትንሽ መንደር ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ፒት እንዴት ይፈጠራል?

የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በሰሜን አውሮፓ ምድሩን ሸፍኖት የነበረው ትልቅ በረዶ ቀለጠ። በየጎድጓዳው ውሃ ተኛ። በዚያ እርጥብ ቦታ ስፋግነም የሚባል ለስላሳ፣ ሥር የሌለው ትንሽ ተክል በቀለ። ይህ ተክል ልክ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ውሃ ይይዛል። ከላይ እያደገ ከታች ይሞታል። የሞተው ክፍል ግን እንደ ሌላው ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም። ለምን? ለመበስበስ አየር ያስፈልጋል፣ ውሃው ደግሞ አየር አያስገባም።

ከእንሰት አገር የመጣችሁ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። በደንብ ከተከደነ ደህና ነው፣ አየር ከገባበት ግን ይበላሻል። ረግረጉም እንደዚያው ነው። የረግረጉ ክዳን ውሃ ነው።

እንዲህ እየተጠራቀመ ፒት በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ያድጋል። ይህ ማለት 1 ሜትር ውፍረት እንዲኖረው 1,000 ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። አንድ ሰው ተወልዶ፣ አድጎ፣ አርጅቶ እስኪሞት ረግረጉ ከአንድ ጣት ርዝመት ብዙም አያድግም።

አሁን ካርቦኑን እንይ። ተክል ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ምግቡን እንደሚሠራ በባዮሎጂ ተምረናል። ተክሉ ሞቶ ሲበሰብስ ካርቦኑ ተመልሶ ወደ አየር ይሄዳል። ካልበሰበሰ ግን ካርቦኑ እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ ረግረግ የካርቦን ጎተራ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለው መሬት ከየብሱ ከመቶ 3 እጅ ያህል ብቻ ነው። የያዘው ካርቦን ግን በዓለም ያሉ ደኖች በሙሉ በዛፎቻቸው ከያዙት ይበልጣል። ያን የሚያህል ነገር በትንሽ መሬት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

፪. ውሃው ሲወጣ ምን ይሆናል?

ፊንላንድ የረግረግ አገር ናት። ድሮ 10 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ረግረግ ነበራት። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ቦይ ተቆፍሮለት ደርቋል። አብዛኛው የደረቀው ጣውላና ወረቀት የሚሠራበትን ዛፍ ለማሳደግ ሲሆን፣ የተወሰነው ለእርሻ፣ የተወሰነው ደግሞ ፒት ለማውጣት ነው። ይህን ያደረጉት ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። አገሩ ብርድ ነው፣ ቤት ማሞቅ ግድ ነው። በ1970ዎቹ ነዳጅ ዘይት በዓለም ሲወደድ «የራሳችን ማገዶ ከእግራችን ሥር አለ» ብለው ፒቱን በብዛት ማንደድ ጀመሩ።

አወጣጡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቦይ ይቆፈርና ውሃው ይፈስሳል። ቀጥሎ ከላይ ያለው ሕይወት ያለው ተክል ተገፎ ይጣላል። ራቁቱን የቀረው ፒት በበጋ ፀሐይ ይደርቃል። ከዚያ ማሽን ስስ ስስ አድርጎ እየፋቀ ይሰበስበዋል። በሺህ ዓመታት የተጠራቀመው በአንድ ክረምት ምድጃ ውስጥ ገብቶ ያልቃል።

ልብ በሉ፣ ባይነድም እንኳ ጉዳቱ አለ። ክዳኑ የተከፈተው ፒት አየር ስለሚያገኝ ይበሰብሳል፣ ካርቦኑም ቀስ እያለ ይወጣል። ጭስ የለውም፣ እሳት የለውም፤ ግን መንደዱ አልቀረም። የሰው ልጅ በሥራው ወደ አየር ከሚለቀው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ውስጥ ከመቶ 4 እስከ 5 እጅ ያህሉ የሚመጣው ከደረቁ ረግረጎች ነው።

፫. የሴልኪዬ መንደር ዓሣዎች

ሴልኪዬ በፊንላንድ ምሥራቅ፣ ሰሜን ካሬሊያ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው ያለችው። አጠገቧ ዩካዮኪ የሚባል ወንዝ ይፈስሳል። ከወንዙ ራስጌ ሊኑንሱኦ የሚባል ረግረግ አለ። ትርጉሙ «የወፍ ረግረግ» ማለት ነው። ስሙ ይህ ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት ፒት ሲወጣበት የኖረ፣ የተገፈፈ ጥቁር ሜዳ ነበር።

በ2010 በጋ ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ? የመንደሩ ዓሣ አጥማጆች ወደ ወንዙ ሲወርዱ ዓሣዎቹ ሞተው አገኙ። ምክንያቱ ከፒቱ በታች ያለው መሬት ነበር። በዚያ መሬት ውስጥ ድኝ ያለበት ማዕድን አለ። ውሃ ውስጥ ተኝቶ እያለ ማንንም አይጎዳም። ፒቱ ተፍቆ፣ ቦዩ ጠልቆ አየር ሲያገኘው ግን አሲድ ይሆናል። ያ አሲድ በቦዩ ወርዶ ወንዙ ውስጥ ገባ። በ2011 ነገሩ ተደገመ። ከዚያ በኋላ በሊኑንሱኦ ላይ ፒት ማውጣት ቆመ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። መጀመሪያ ያዩት ውሃውን በየቀኑ የሚያዩት ሰዎች ናቸው። ዓሣ አጥማጅ የወንዙ ቀለም ሲለወጥ፣ የዓሣው ጠባይ ሲለወጥ ያውቃል። የመንደሩ ሰዎች ያዩትን ይዘው ዝም አላሉም፤ ከተመራማሪዎች ጋርም አብረው ሠሩ። እውቀት በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ አንድን ቦታ ለዓመታት ያየ ዓይንም መዝገብ ነው።

፬. ክዳኑን መልሶ መክደን

ከመንደሩ ሰዎች አንዱ ቴሮ ሙስቶኔን ይባላሉ። ዓሣ አጥማጅም ተመራማሪም ናቸው። ስኖውቼንጅ የሚባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር ይመራሉ። ፒት ማውጣቱ ከቆመ በኋላ በሊኑንሱኦ ላይ ውሃ የሚተኛባቸው ቦታዎች ተዘጋጁ፣ የተገፈፈው ሜዳ በውሃ ተሸፈነ። በ2017 ደግሞ ማኅበሩ ቦታውን ገዛው።

ሥራው በጠቅላላው እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ፦

ሀ) ውሃ የሚያፈስሱት ቦዮች በአፈር ወይም በእንጨት ይደፈናሉ።

ለ) ዝቅ ያለ ግድብ ይሠራና የዝናቡና የበረዶው ውሃ እዚያው እንዲተኛ ይደረጋል።

ሐ) ዛፍ ተተክሎበት ከነበረ ውሃውን ስለሚመጥጠው አንዳንድ ቦታ ዛፉ ይቆረጣል። ዛፍ መትከል ሁልጊዜ ጥሩ ነው ብለን ለተማርን ይህ ይገርማል። ግን ሁሉም ነገር በቦታው ነው የሚያምረው፤ ክፍት ረግረግ ላይ የሚተከል ዛፍ ጎተራውን ያፈስሳል።

መ) ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። አንዳንድ ቦታ ስፋግነሙን ከሌላ ቦታ አምጥተው ይበትኑታል፣ አንዳንድ ቦታ ራሱ ይመጣል።

ውሃው ሲመለስ ሁለት ጥቅም አለው። የቀረው ፒት አየር ስለማያገኝ መበስበሱ ይቀንሳል። ድኝ ያለበትም መሬት ተመልሶ ስለሚሸፈን አዲስ አሲድ መፍጠሩ ይገታል።

ሥራው በአንድ መንደር ብቻ አልቀረም። ከ2018 ወዲህ ቴሮ ሙስቶኔንና ማኅበራቸው በፊንላንድ ውስጥ 62 የተጎዱ ቦታዎችን፣ በድምሩ ወደ 35,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ወደ ማዳን ገብተዋል። በዚህም በ2023 ጎልድማን የሚባለውን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት አግኝተዋል።

፭. ወፎቹ

ሊኑንሱኦ ውሃ ከተኛበት በኋላ ስሙን መልሶ አገኘ። ዝይዎች፣ ዳክዬዎች፣ በውሃ ዳር የሚለቅሙ ወፎች መጡ። እስካሁን ወደ 200 የሚጠጋ የወፍ ዓይነት ታይቶበታል። ከጥቂት ዓመት በፊት ምንም ያልነበረበት ጥቁር ሜዳ ነው እንግዲህ!

ስለ ወፎች ካነሳን፣ እኛን የሚነካ ነገርም አለ። በፊንላንድ ረግረጎች ጎጆ ከሚሠሩት መካከል ክሬን የሚባሉ አንገታቸውም እግራቸውም ረጅም የሆነ ግራጫ ወፎች አሉ። ብርዱ ሲመጣ ከፊሎቹ በቱርክና በዚህ በመካከለኛው ምሥራቅ ሰማይ በኩል አልፈው የት ይከርማሉ ብትሉ፣ ኢትዮጵያ ነው። ጤፍና ስንዴ ከታጨደ በኋላ በማሳ ላይ በመንጋ ሲለቅሙ ያያችኋቸው ትኖራላችሁ። መከር ሲያልፍ መጥተው፣ በእነሱ አገር በረዶው ሲቀልጥ ይመለሳሉ። የሚመለሱበት ረግረግ ከደረቀ ግን ጎጆ መሥሪያ የላቸውም። የሰሜኑ ረግረግና የእኛ ማሳ በአንድ ወፍ ክንፍ የተያያዙ ናቸው።

፮. ሊታወቅ የሚገባው ገደብ

እህቶቼ፣ ታሪኩ ደስ ይላል ብለን ሁሉም ነገር ተስተካከለ እንዳንል። ሦስት ነገር እንወቅ።

አንደኛ፣ ወፉ በጥቂት ዓመት ይመለሳል፣ ፒቱ ግን አይመለስም። ተፍቆ የነደደው 1 ሜትር ፒት ተመልሶ የሚሞላው ከ1,000 ዓመት በኋላ ነው። ውሃ መመለስ የቀረውን ያድናል እንጂ የሄደውን ካርቦን ቶሎ አያመጣም።

ሁለተኛ፣ ረግረግ እንደገና ውሃ ሲተኛበት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሜቴን የሚባል ሌላ የሚያሞቅ ጋዝ ሊለቅ ይችላል። ሆኖም ሜቴን በአየር ላይ ብዙ አይቆይም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ለብዙ ዘመን ይቆያል። ስለዚህ በረጅሙ ሲታሰብ ውሃ መመለሱ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ በፒት ሥራ እንጀራ የሚበሉ ሰዎች ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ማሽን የሚነዳው፣ የሚጭነው፣ ለልጆቹ የሚያበላው ከዚያ ነው። እንጀራ ፍለጋ ምን እንደሆነ ለእኛ ማንም አይነግረንም። ቦታው ሲዘጋ ለእነዚህ ሰዎች ሌላ ሥራ ማሰብ የግድ ነው፤ ቦይ መድፈንና ግድብ መሥራትም ማሽን የሚነዳ ሰው ይፈልጋል።

እንግዲህ የትምህርቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ማፍረስ አንድ ክረምት ይበቃዋል፣ መሥራት ሺህ ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ያልተነካውን ረግረግ አለመንካት ነው፣ የተጎዳውንም ሳይብስበት ውሃውን መመለስ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ለዚህ ጊዜ ይሆናል።

እኛስ ምን እናድርግ? ማዳም ምን እንደምትገዛ የምንወስነው እኛ አይደለንም። ግን አንድ ነገር በእጃችን ነው። አበባው ሲደርቅ በማሰሮው ውስጥ ያለውን አሮጌ አፈር ቶሎ ወደ ቆሻሻ አትድፉት። በደንብ አፍታቱት፣ የበሰበሰ የአትክልት ልጣጭ ወይም ብስባሽ ከተገኘ ቀላቅሉበት፣ መልሶ ያገለግላል። አንድ ከረጢት የቀረ ማለት ከሺህ ዓመቱ ጎተራ አንድ ጭልፋ ተረፈ ማለት ነው። ትንሽ ናት፣ ግን ከምንም ትሻላለች።

ለውይይት፦ እሑድ ስንገናኝ እነዚህን ጥያቄዎች እንወያይባቸው።

1. ረግረግ «የካርቦን ጎተራ» የተባለው ለምንድን ነው? ክዳኑስ ምንድን ነው?

2. ባይነድም የደረቀ ፒት ካርቦኑን የሚያጣው እንዴት ነው?

3. በሴልኪዬ የወንዙን መበላሸት መጀመሪያ ያዩት እነማን ናቸው? ለምን እነሱ ቀድመው አዩት?

4. በተወለዳችሁበት አካባቢ ድሮ ጨፌ ወይም ረግረግ የነበረ፣ አሁን የደረቀ ቦታ ታውቃላችሁ? ሲደርቅ ምን ተለወጠ? ምንጩስ፣ ሳሩስ፣ ወፉስ? ቤት ስትደውሉ እናት አባትን ጠይቃችሁ ኑ፤ እነሱም የአንድ ቦታ ዓይን ናቸው።