በሕፃኑ የሚመራ ትምህርት በ«ኦ» ክፍል፦ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አንጻር

ሕፃናት የሚሠሩትን እንዲመርጡና በራሳቸው ፍጥነት እንዲሄዱ የሚፈቅደው የማስተማር ስልት አብዛኛውን ጊዜ ከማሪያ ሞንቴሶሪ ስም ጋር ይያያዛል። ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም የከፈተችው የሕፃናት ቤት ለድኻ ሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች የታሰበ ነበር። ስልቱ ውሎ አድሮ ውድ መጫወቻ የተሟላላቸው የከተማ አፀደ ሕፃናት መታወቂያ መምሰሉ ግን የገጠሩን መምህር «ይህ ለእኛ አይደለም» ሊያሰኘው ይችላል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር የቅድመ መደበኛ ትምህርት በር በአብዛኛው ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር የተያያዘው «ኦ» ክፍል ነው። ክፍሉ በአገር ደረጃ የተስፋፋው የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በ2002 ዓ.ም. በጋራ ያወጡትን የፖሊሲ ማዕቀፍ ተከትሎ ነው።

ከዚያ አስቀድሞ በሩ የቄስ ትምህርት ቤት ነበር። ጋይንት የድጓ ምስክር ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ዙር አባ የሚገኙበት አገር በመሆኑ ይህን ታሪክ ማለፍ አይቻልም። ሕፃኑ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ይቆጥራል፤ የቀደመው ልጅ የኋለኛውን ያስቆጥራል፤ የያዘ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል፣ ያልያዘም እስኪይዝ ይቆያል። ይህን ሥርዓት በጥቅሉ የሽምደዳ ትምህርት ብሎ መተው ችኮላ ነው። በሕፃኑ የሚመራ ትምህርት ሁለት ነገሮችን ያጣምራል፦ ፍጥነትንና ምርጫን። የቄስ ትምህርት ቤት ምርጫን ባይሰጥም ፍጥነትን ለልጁ ትቶለታል። ሁሉም ሕፃናት በአንድ ሰሌዳ ፊት፣ በአንድ ድምፅ፣ አንዱን መስመር የሚደግሙበት «ኦ» ክፍል ግን ምርጫን ሳይሰጥ ፍጥነትንም ይነጥቃል። ከዚያም ወደኋላ የቀረው ልጅ በኅብረቱ ድምፅ ተሸፍኖ ሳይታወቅ አንደኛ ክፍል ይደርሳል።

ምርጫን ለመስጠት የሚያስፈልገው ቁሳቁስ ከደጅ አይጠፋም። ቅልሞሽ ለዚህ በቂ ምሳሌ ነው። አምስት ጠጠር የያዘች ልጅ አንዱን ወደ ላይ ወርውራ ከመሬት ያሉትን አራቱን መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻም በአንድ ጊዜ ታነሣለች። ይህ አራት ቁጥር የሚከፈልባቸው የተለያዩ መንገዶች በእጅ የሚሠሩበት ትምህርት ነው። ከጭቃ በሬ የሚሠራ ልጅም መጠንና ቅርፅ ያነጻጽራል።

ጨዋታውን መፍቀድ ብቻውን አይበቃም፤ ልጆቹን ሜዳ ላይ መልቀቅም ስልቱ አይደለም። መምህርቷ ከተጫዋቾቹ አጠገብ ተቀምጣ «ሦስቱን ካነሣሽ ስንት ይቀርሻል?» ብላ ትጠይቃለች፤ ልጅቷ ጠጠሮቹን እስክታይም ትጠብቃለች። ተማሪ በበዛበት ክፍል ይህ የሚሆነው ከፊሉ በቡድን ሲጫወት ከፊሉን ቀድመው ፊደል የለዩ ልጆች ሲያስቆጥሩላት ነው።