ዑድ፦ ከዝናብ ደኑ እስከ ማጨሻችን



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ዑድን የማያውቅ በመካከላችን አይገኝም። በጁምዓ ልብሳችንን እናጥንበታለን፤ በዒድ ዋዜማ ቤቱን ያውደዋል፤ ኒካሕ ባለበት ቤት ገና ከደጅ ይቀበለናል። ከሐጅና ከዑምራ የሚመለሱ ወላጆቻችን ከዘምዘምና ከተምር ጋር ጥቂት ስብርባሪ እንጨት ወይም ጣት የማታክል የዘይት ብልቃጥ ይዘውልን ይመጣሉ። ይሁንና እንጨቱ ከየትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ ዛፉም ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ስንነጋገር ብዙም አንሰማም። በዚህ ትምህርታችን ዛፉን፣ የሚኖርበትን ደን፣ ሽታው የሚፈጠርበትን መንገድና የእኛን ኃላፊነት በቅደም ተከተል እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

ዛፉና መኖሪያው

ዑድ በዋናነት የሚገኘው አኲላሪያ ከሚባል የዛፍ ወገን ነው። ወገኑ 20 ያህል ዝርያዎች አሉት። በንግድ ታሪክ እጅግ ከታወቁት አንዱ አኲላሪያ ማላከንሲስ ነው። ማላዮች ዛፉን «ካራስ»፣ ሽታ የያዘውን እንጨት ደግሞ «ጋሃሩ» ይሉታል። የተፈጥሮ መኖሪያው ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ተነሥቶ፣ በማላይ ባሕረ ገብ መሬት አልፎ እስከ ሱማትራና ቦርኒዮ ደሴቶች ይደርሳል። በቆላማ ስፍራዎችና በኮረብታዎች ላይ ባለው ሞቃትና እርጥብ ደን ውስጥ ይበቅላል፤ ቁመቱም እስከ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል።

የእነዚህ ደኖች አንዱ ጠባይ የዝርያቸው ብዛት ነው። በአንድ ሄክታር ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ የዛፍ ዓይነቶች ሊገኙ ይችላሉ፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት ግን ያለው ጥቂት ነው። የዑድ ዛፍም እንደ ባሕር ዛፍ ተሰልፎ አይቆምም። አንዱ ከሌላው ተራርቆ፣ በሌሎች ግዙፍ ዛፎች መካከል ይኖራል። ስለዚህ ጥቂት ትልልቅ ዛፎች ሲቆረጡ የአንድ ሰፊ አካባቢ የዘር ምንጭ አብሮ ይጠፋል።

ዘሩም ቢሆን እንደ ስንዴ በጎተራ የሚቀመጥ አይደለም። ከደረቀ የመብቀል አቅሙን በአጭር ጊዜ ያጣል። ፍሬው ሲበስል ይከፈትና ዘሩ በቀጭን ክር ላይ ይንጠለጠላል። የቅርብ ዘመዱ በሆነው የቻይና ዝርያ ላይ ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎች አንድ የሚያስደንቅ ነገር አግኝተዋል። ፍሬው በሚያወጣው ሽታ የተሳቡ ትልልቅ ተርቦች ዘሩን ይዘው ይበራሉ፤ ከዘሩ ጋር የተያያዘውን ለስላሳ ክፍል በልተው ዘሩን ጥላ ወዳለበት ስፍራ ይጥሉታል። ችግኙ የሚወደውም ጥላውን ነው። ሱብሓነላህ! ደኑ ሲመነጠር ታዲያ ጥላውም፣ ዘሩን የሚያጓጉዘውም ፍጡር አብረው ይሄዳሉ።

ሽታው ከቁስል ይወለዳል

ጤነኛ የአኲላሪያ እንጨት ነጣ ያለ፣ ቀላልና ሽታ አልባ ነው ማለት ይቻላል። ቅርንጫፉ ሲሰበር ወይም ነፍሳት ግንዱን ሲቦረቡሩት ግን በቁስሉ በኩል ፈንገስ ይገባል። ዛፉም ራሱን ለመከላከል በቁስሉ ዙሪያ ጥቁር ሙጫ ያመነጫል። ሙጫው ለዓመታት እየተጠራቀመ እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ያከብደዋልም። ሙጫ በብዛት የያዘው እንጨት ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፤ ነጋዴዎችም ይህን የጥራት ምልክት ያደርጉታል። እኛ «ዑድ» የምንለው ይህንን የቆሰለ ክፍል ነው።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። በዱር ካሉት ዛፎች ውስጥ ሙጫ የሚይዙት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው። ከውጭ አይቶ በእርግጠኝነት መለየትም አስቸጋሪ ነው። የአገራችንን እጣን እናስብ። የእጣን ዛፍ ልጡ ይገዘገዛል፣ የሚፈሰው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀማል፤ በልክ ከተሠራበትና ዕረፍት ካገኘ ዛፉ ይኖራል። ዑድ ግን ግንዱ ውስጥ ስለተሸሸገ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ለቃሚው አንዱን ቆርጦ ባዶ ሲያገኘው ወደ ሌላው ይሄዳል። ዘር ለመስጠት ያልደረሰው ወጣት ዛፍም በዚያው ይወድቃል።

ለምን ብርቅ ሆነ?

ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዋጋው ነው። ምርጥ ዑድ በዓለም ላይ ውድ ከሆኑ የእንጨት ውጤቶች አንዱ ስለሆነ ሰው ርቆ ደን ውስጥ ገብቶ ይፈልገዋል። ሁለተኛው መኖሪያው መጥበቡ ነው። የሱማትራና የቦርኒዮ ቆላማ ደን በብዛት ለጣውላ ተቆርጧል፣ ወደ ፓልም ዘይት እርሻም ተቀይሯል።

በዚህ የተነሣ አኲላሪያ ማላከንሲስ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት 2ኛ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ይህ ማለት ንግዱ አልተከለከለም፤ ነገር ግን ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ፈቃድ ያስፈልገዋል። በ2005 ቁጥጥሩ ወደ ሁሉም የአኲላሪያ ዝርያዎች ሰፋ። በ2018 ደግሞ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ማላከንሲስን ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ዝርያዎች ደረጃ ላይ አስቀመጠው። ከዚህ ደረጃ ቀጥሎ ያለው ከዱር ጨርሶ መጥፋት ነው።

በሐዲስ የመጣው የትኛው ነው?

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ የጀነት ሰዎች ማጨሻ «አሉዋ» እንደሚሆን ተነግሯል። ሊቃውንት አሉዋን የሚጨሰው ዑድ ነው ብለው ያብራሩታል። በሙስሊም ዘገባም ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) አሉዋን ለብቻው ወይም ከካፉር ጋር ያጨሱ እንደነበር፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲህ ያደርጉ እንደነበር መናገራቸው ተዘግቧል።

ብዙዎቻችን የምናደባልቀው ሌላ ሐዲስ አለ። ኡሙ ቀይስ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ሰባት ፈውስ አለው የተባለው «የሕንድ ዑድ» የዛሬው ትምህርታችን ዛፍ አይደለም። እዚያ የተፈለገው «ቁስጥ» ነው፤ እርሱም በሂማልያ ተራሮች የሚበቅል የሌላ ተክል ሥር ነው። «ዑድ» በዐረብኛ በመሠረቱ እንጨት ማለት ስለሆነ ስሙ ለሁለቱም አገልግሏል። ሻጭ ሐዲሱን ጠቅሶ የሚጨሰውን ዑድ በመድኃኒትነት ቢያቀርብልን ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅመናል።

ሚዛኑ የት ነው?

እዚህ ላይ ፈትዋ ለመስጠት አልተነሣንም፤ ያ የዑለሞች ድርሻ ነው። ሁላችንም የምናውቀውን ግን እናስታውስ። ሽቶ መቀባት የተወደደ ሱና ነው። ሱናውን ለመፈጸም ግን የግድ ከዱር የተቆረጠ ዑድ አያስፈልግም፤ ሚስክም፣ ሌላም መልካም ሽታ ይበቃል። በሱረቱል አዕራፍ 31ኛ አያ አላህ (ሱ.ወ.) በመስገጃ ስፍራ ሁሉ እንድናጌጥ ካዘዘ በኋላ በዚያው አያ ከማባከን ይከለክለናል። ጌጡና ልኩ በአንድ አያ ውስጥ ጎን ለጎን መምጣታቸው ለርእሳችን በቂ ትምህርት ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። በአሳም፣ በባንግላዴሽ፣ በማሌዥያ፣ በቬትናምና በሌሎችም አገሮች ገበሬዎች ዛፉን በጓሯቸውና በእርሻቸው ይተክላሉ። ግንዱን ሆን ብለው እያቆሰሉ ወይም ፈንገስ እየጨመሩ ሙጫ እንዲያበጅ ያደርጋሉ። ከዚህ የሚገኘው ዑድ በዱር ዛፉ ላይ ያለውን ጫና ይቀንሳል። ሆኖም የተተከለው የዱሩን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ የዘሩ ብዝኃነት ያለው በደኑ ውስጥ ነውና።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

1. ስንገዛ «የተተከለ ነው ወይስ የዱር?» ብለን እንጠይቅ። የገዢ ጥያቄ የሻጭን ልማድ ይለውጣል።

2. በጥቂቱ እንጠቀም። አንዲት ቅንጣት ለአንድ ክፍል ትበቃለች።

3. ከውጭ ለሚመለሱ ቤተሰቦቻችን እንንገር። በሳይቲስ ደንብ አንድ መንገደኛ ለግሉ እስከ 1 ኪሎ ግራም ስብርባሪና እስከ 24 ሚሊ ሊትር ዘይት ያለ ፈቃድ ሊይዝ ይችላል፤ አንዳንድ አገር ግን ከዚህ የጠበቀ ሕግ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

4. የራሳችንን ደን እንወቅ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የሚገኘው ጥቁር እንጨት ልጡ ለመድኃኒት ስለሚፈለግ እንደ ዑድ ዛፍ ሁሉ በ1995 በዚያው መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ቡናም የተገኘው ከእነዚሁ ደኖች ነው። የባዮሎጂ፣ የደን ሳይንስና የሕግ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ከፈለጋችሁ ከዚህ መጀመር ትችላላችሁ።

5. እንትከል። አነስ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰውም፣ ወፍም፣ እንስሳም ሲበላ ለተካዩ ሰደቃ ይሆንለታል።

ለሐለቃ መወያያ

ሀ. እጣንና ዑድ በሚሰበሰቡበት መንገድ ያላቸው ልዩነት በዛፎቹ ዕድሜ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?

ለ. የደን ለቃሚው ድሃ ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት ሌላ ገቢ ከሌለው ኃላፊነቱ የማን ነው፤ የእርሱ፣ የነጋዴው ወይስ የገዢው?

ሐ. ሱናን በመፈጸምና ባለማባከን መካከል ያለው ሚዛን በግቢ ኑሯችን ሌላ የት የት ይታያል?

አላህ ባወቅነው የምንሠራ ያድርገን፤ አደራችንንም የምንጠብቅ። ወላሁ አዕለም።