ድመት ሰው ስትነክስ፦ አዳማ ለተመደብሽው ልጄ

ልጄ፣ ከቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተመርቀሽ አዳማ መመደብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ሥራ እንደማትሸሺ አውቃለሁ፤ የምፈራልሽ ችኮላሽን ነው። ዕድሜዬን ላብራቶሪ ውስጥ ያሳለፍኩ ነኝና፣ ሰው ስለነከሰች ድመት የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ድመትን ከውሻ አሳንሰሽ አትመልከቺ። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ሰው በብዛት የሚያስተላልፈው ውሻ ነው። ነገር ግን ያበደ ውሻ የነከሳት ድመት ያንኑ ቫይረስ ይዛ ቤት ትገባለች፣ ልጆች አቅፈዋት ይተኛሉ። የአዳማ እህል ቤትና ወፍጮ ቤት ደግሞ ያለ ድመት አይውልም። ለማዳ የነበረችው በድንገት ከተናከሰች፣ ድምጿ ከተለወጠ፣ ለሃጯ ከተዝረበረበ ጠርጥሪ።

2. ከምርመራው በፊት ቁስሉ ይታጠብ፤ ሳይቃጠል በቅጠል። በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ክትባቱ የላብራቶሪ ውጤት አይጠብቅም፤ ድመቷ ነጻ ከተባለች ሐኪሙ ሊያቋርጠው ይችላል። ሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል። ወደ ባህል መድኃኒት የሚሄድ ቢያጋጥምሽ አትቆጪው፤ «አባቴ፣ መጀመሪያ ይታጠቡ» ብለሽ አብረሽው ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ድሮ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን መርፌ የሚያስታውሱ እናቶችም ይፈራሉ። ዛሬ የሚወጋው ክንድ ላይ፣ ያውም ጥቂት ጊዜ መሆኑን ታግሰሽ አስረጂያቸው።

3. ድመቷን አታስገድዪያት። ጤነኛ ከመሰለች ተዘግቶባት 10 ቀን ትጠበቅ። በምራቋ ቫይረስ የምታወጣ ድመት በእነዚህ ቀናት ውስጥ ትታመማለች ወይም ትሞታለች፤ ደህና ከቆየች በነከሰችበት ቀን አላስተላለፈችም። ሰፈሩ ግን ዱላ ይዞ ይቀድምሻል። የሚመረመረው አንጎሏ ስለሆነ፣ ተቀጥቅጦ ቦይ ውስጥ የተጣለ ጭንቅላት ምስክሩ የሞተበት ክስ ነው።

4. ደም አትቅጂ። የድመት ሉኪሚያ ቫይረስን ከጥቂት ጠብታ ደም በ10 ደቂቃ ገደማ የሚያሳይ መመርመሪያ ስላለ፣ ወጣቶች ለእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ያለ ይመስላቸዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ግን በነርቭ ተጉዞ አንጎል ውስጥ ይሰፍራል፤ በሕይወት ያለች ድመት ላይ የሚታመን ምርመራ የለም። ለአንጎል ናሙና የተሠራ ፈጣን ስትሪፕም ገበያ ላይ ታገኚያለሽ። ቫይረሱ እያለ «የለም» ሊል ስለሚችል የሰው ሕይወት በእሱ አትወስኚ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

5. ድመቷ ከሞተች ጭንቅላቱን ሳይበሰብስ ላብራቶሪ አድርሺ። ይህን ከሁሉ አጥብቄ እነግርሻለሁ። በእ.ኤ.አ. 1903 ኔግሪ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በታመመ አንጎል ውስጥ ልዩ ምልክት ካገኘ በኋላ ምርመራው ያንን መፈለግ ሆነ፤ ካልታየ የአንጎሉን ናሙና አይጥ ላይ ወግቶ ለሳምንታት መጠበቅ ነበር። ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን የአንጎሉ ቁራጭ ስላይድ ላይ ይነካል፣ በቀዝቃዛ አሴቶን ይጸናል፣ ከዚያ የሚያበራ ቀለም ያለው አንቲቦዲ ይጨመርበታል። ቫይረስ ካለ በልዩ ማይክሮስኮፕ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል! አዲስ አበባ፣ ሰው ዛሬም «ፓስተር» በሚለው ሰፈር ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ምርመራ ይሠራል፤ ከአዳማ ደግሞ በፍጥነት መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚያዘገየን እንግዲህ ማሽኑ አይደለም፤ የናሙናው አያያዝ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሙቀት ያቀለጠው፣ በፌስታል ተጠቅልሎ የመጣ ስንት ናሙና አይቻለሁ! ስለዚህ በድርብ ፕላስቲክ ጠቅልለሽ በረዶ ባለበት አይስ ቦክስ ክተቺው። ራሱ በረዶ እስኪሆን አታቀዝቅዢው፣ ፎርማሊንም አታፍስሺበት። ቀድሞ ያልተከተበ ሰው ጭንቅላት አይቁረጥ፤ የሚቆርጠውም ጓንትና መነጽር ያድርግ።

በተራ ማይክሮስኮፕ በአንድ ሰዓት ገደማ የሚያልቅ ዘዴም አለ። አዳማና ሻሸመኔ ላይ ቢተከል ብዬ እመኛለሁ፤ አንቺም አለቆችሽን ወትውቺ።

6. ቅጹን ሙሉ ጻፊ፦ ማን፣ መቼ፣ የት አካሉ ላይ ተነከሰ፣ ድመቷ ተከትባ ነበር ወይ፣ ስልክ። ስልክ የሌለው ውጤት ባለቤቱን አያገኝም።

7. በዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን፣ መስከረም 18፣ ውሻውን ለማስከተብ የሚመጣውን ሁሉ «ድመትስ አለችህ?» በዪው። አለች ካለሽ፣ በዚያው ዕለት ተመልሶ ያምጣት።