የኤም ዋን ጋራንድ ጠመንጃ ድምፅ፦ ከጦር ሜዳ ወደ ፊልምና የኮምፒውተር ጨዋታ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ የተሠሩ ፊልሞችንና የኮምፒውተር ጨዋታዎችን የሚያዘወትር ሰው ኤም ዋን ጋራንድ የተባለውን የአሜሪካ ጠመንጃ ከመልኩ ይልቅ በድምፁ ይለየዋል፤ ይኸውም የመጨረሻው ጥይት እንደተተኮሰ በሚሰማው ቀጭን የብረት ቅጭልታ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ድምፁ እንዴት የጠመንጃው መለያ ለመሆን እንደበቃና ጎልቶ ሲሰማ ምን እንደተሸፈነ ይመረምራል።

ጠመንጃውን የነደፈው በኩቤክ ተወልዶ በማሳቹሴትስ በሚገኘው የስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆን ጋራንድ ሲሆን፣ የአሜሪካ ጦር በ1936 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መደበኛ ትጥቁ አድርጎ ተቀበለው። ሌሎች ሠራዊቶች በአብዛኛው ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ በታጠቁበት ዘመን፣ በባሩድ ጋዝ ግፊት ራሱን በራሱ የሚያቀባብል መሣሪያ መያዝ ትልቅ ብልጫ ነበር። ጥይቶቹ ስምንት ስምንት ሆነው በብረት ማቀፊያ እንደታሰሩ ይጎርሳሉ፤ ስምንተኛው ሲተኮስ ባዶው ማቀፊያ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ድምፁ የዚህ ውጤት ነው።

ጠላት ይህን ድምፅ ሰምቶ፣ ወታደሩ ጥይት መጨረሱን አውቆ ይወረወርበት ነበር የሚለው ወግ እስከ ዛሬ ይነገራል። ለጸሐፊው ግን አሳማኝ አይደለም። ወታደር በጓድ እንጂ ለብቻው አይዋጋም፤ አንዱ ሲያጎርስ ሌላው ይተኩሳል። በተኩስ ናዳ መካከል ያን ቅጭልታ ከሩቅ ለይቶ መስማትም አዳጋች ነው። ወጉ የሚታመነው በፊልም ውስጥ ድምፁ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ ስለሚሰማ ይመስላል።

እዚህ ላይ የስቲቨን ስፒልበርግ «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» (1998) ልዩ ቦታ አለው። ፊልሙ በድምፅና በድምፅ ውጤት ዝግጅት የኦስካር ሽልማቶችን ያገኘ ሲሆን፣ ስፒልበርግ ራሱ ሐሳቡን ያመነጨው «ሜዳል ኦቭ ኦነር» የተሰኘ ጨዋታ በ1999 ወጣ። በ2002 የወጣውን ተከታይ ጨዋታ ከሠሩት ባለሙያዎች በርካቶቹ ተለይተው ባቋቋሙት ድርጅት በ2003 የመጀመሪያውን «ኮል ኦቭ ዲዩቲ» አዘጋጁ። ስለዚህ ድምፁ ከፊልም ወደ ጨዋታ የተሻገረው በጥቂት ሰዎች እጅ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ስምንቱን ጥይት ሳይጨርስ እንደገና ማጉረስ አይችልም። በእውነተኛው ጠመንጃ ግን ከጎን ያለውን መያዣ ተጭኖ ያላለቀውን ማቀፊያ ማውጣት ይቻላል። ለጨዋታ ሚዛን የወጣ ደንብ በብዙ ተጫዋቾች ዘንድ የጠመንጃው እውነተኛ ጉድለት ተደርጎ ተወሰደ።

የኮሪያ ጦርነት ጉዳይ ይለያል። የኢትዮጵያ ክብር ዘበኛ ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ደርሶ፣ የአሜሪካን መሣሪያ ታጥቆ በ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋጋ። የጦር ታሪክ ጸሐፊው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1956 ባሳተመው «ፖርክ ቾፕ ሂል» መጽሐፍ ለኢትዮጵያውያኑ የቅኝት ጓዶች ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። (ማርሻል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተኳሾች ያቀረባቸው አኃዞች በተመራማሪዎች ዘንድ ብዙ ትችት ስለገጠማቸው፣ ይህንም ሥራ በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።) ከመጽሐፉ ተወስዶ በ1959 ግሪጎሪ ፔክ የተወነበት ፊልም ግን ትረካውን በዋናነት በአንድ የአሜሪካ ሻምበል ላይ አደረገ። ጠመንጃው በፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ያንኑ መሣሪያ አንግተው በዚያው ግንባር የዘመቱት ኢትዮጵያውያን ግን የሉም። «ግራን ቶሪኖ»ም (2008) ጋራንድን በአንድ አሜሪካዊ የኮሪያ ዘማች እጅ ያሳየናል።

የቃኘው ዘማቾች ስለ ጠመንጃው የነበራቸው ትዝታ ከእነዚህ ፊልሞችና ጨዋታዎች ጋር ተነጻጽሮ ሊጠና ይገባል። ከዘማቾቹ አብዛኞቹ ስላለፉ፣ ጥናቱ በሕይወት ካሉት ቃል በተጨማሪ በቤተሰቦቻቸው እጅ በሚገኙ ፎቶግራፎችና ማስታወሻዎች ላይ መመሥረት ይኖርበታል።