ቦንጋ ላይ ተገጣጣሚ ቤት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ቦንጋ ላይ ቤት ልሠራ ነው። ግድግዳውን በፋብሪካ አስመርቼ እዚህ ባስገጣጥም ያዋጣኛል?

መልስ፦ በጥንቃቄ ከያዙት ያዋጣል። ቦንጋ ባለችበት በካፋ ዋናው የቤት ጠላት እርጥበት ነው። በኮንዶሚኒየም መከፋፈያ ግድግዳ የምናውቀው አግሮስቶን ፓነል የሚያያዘው በማግኒዥየም ውህድ ነው፤ በውስጡ ያለው ክሎራይድ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረትም ያዝጋል። ስለዚህ ለደረቅ የውስጥ መከፋፈያ ብቻ ያውሉት። ለውጭ ግድግዳ የኮንክሪት ፓነል ይምረጡ፤ መገጣጠሚያውን በደንብ ያስደፍኑ፣ ጣሪያውንም ከግድግዳው አስረዝመው ያስወጡ። ፓነል በልክ ተሠርቶ ስለሚመጣ የተዛባ መሠረት ላይ አይገጥምም፤ ከማዘዝዎ በፊት ዲዛይኑን ያስጸድቁ፣ የተሠራውን መሠረትም ያስለኩ። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል መንገዱ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የማጓጓዣውን ሒሳብ አስቀድመው ይደምሩ። ጭነቱንም ሆነ ገጠማውን ዝናብ በሚቀንስበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያድርጉት።